ከፍንዳታው በኋላ የሚመጣው ፍርሰት፦ ሕንፃዎች ለፍንዳታና ለግጭት ጭነት የሚሰጡት ምላሽ

መግቢያ

ሜይ 16 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ማለዳ፣ በምሥራቅ ለንደን በሚገኘውና ሮናን ፖይንት በሚባለው ባለ 22 ወለል የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ በ18ኛው ወለል የምትኖር አንዲት ሴት ሻይ ለማፍላት ክብሪት ጫረች። ከምድጃው የቧንቧ መገጣጠሚያ ያፈተለከው ጋዝ ቤቱን ሞልቶት ስለነበር ወዲያውኑ ፈነዳ። ሴትዮዋ ከፍንዳታው በሕይወት ተረፈች። የሕንፃው አንድ ማዕዘን ግን ከላይኛው ወለል ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ተደረመሰ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 17 ሰዎች ቆሰሉ። ሕንፃው ነዋሪዎችን መቀበል ከጀመረ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ነበሩ።

ይህ ክስተት በመዋቅር ምህንድስና ታሪክ ውስጥ ዘወትር የሚነሣው በደረሰው ጉዳት ብዛት ብቻ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ የቆመን ሰው ያልገደለ ፍንዳታ የአንድን ረጅም ሕንፃ ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ማፍረሱ መልስ የሚሻ ጥያቄ ስለሆነ ነው። በምክንያቱና በውጤቱ መካከል ያለው ይህ አለመመጣጠን ከየት መጣ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጥያቄው መልስ በሚሆን መልኩ መዋቅሮችና የግንባታ ቁሶች ለፍንዳታና ለግጭት ጭነት የሚሰጡትን ምላሽ ማብራራት ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ምላሹ ሁለት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ የሚያልቅና በአብዛኛው በፍንዳታው መጠንና ርቀት የሚወሰን ነው። ሁለተኛው ግን በሰከንዶች ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን፣ የሚወሰነው የሕንፃው አካላት እርስ በርስ በተያያዙበት መንገድ ነው። በብዙ አደጋዎች አብዛኛው ሕይወት የሚጠፋው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ ንድፍ አውጪውም የበለጠ ሥልጣን ያለው በዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው።

የፍንዳታ ጭነት ጠባይ

መዋቅራዊ ንድፍ ስንማር በመጀመሪያ የምንተዋወቃቸው ጭነቶች ዘላቂ ወይም ዝግተኛ ናቸው፤ የሕንፃው የራሱ ክብደት፣ የነዋሪውና የዕቃው ክብደት፣ የነፋስ ግፊት። የፍንዳታ ጭነት ከእነዚህ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በቆይታውም ጭምር ነው። ፈንጂ ሲፈነዳ በዙሪያው ያለው አየር በድንገት ይታመቅና ከድምፅ በሚፈጥን ሞገድ ይጓዛል። ሞገዱ አንድ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ግፊቱ ወዲያውኑ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ወደ ከባቢ አየር ግፊት ይመለሳል፤ ለጥቂት ጊዜም ከእሱ በታች ይወርዳል። ሞገዱ ግድግዳውን መትቶ ሲንጸባረቅ ደግሞ ግፊቱ ያድጋል፤ ለደካማ ሞገድ በሁለት እጥፍ ገደማ፣ ለኃይለኛ ሞገድ ስምንት እጥፍና ከዚያም በላይ።

ስለዚህ አንድን ፍንዳታ ለመግለጽ ቢያንስ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ከፍተኛው ግፊት ነው። ሁለተኛው ግፊቱ በጊዜ ውስጥ ሲደመር የሚገኘው ኢምፐልስ፣ ማለትም በግፊትና ጊዜ ሥዕል ላይ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ነው። ሁለቱ የግድ አብረው አያድጉም። ሆፕኪንሰን በ1915 እ.ኤ.አ.፣ ክራንዝም በ1926 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የምጥጥን ሕግ ይህንን በግልጽ ያሳያል። በሕጉ መሠረት ግፊትን የሚወስነው ርቀቱ ለፈንጂው ክብደት ሣልሳዊ ሥር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። አንድ ኪሎ ግራም ፈንጂ በ2 ሜትር ርቀት የሚፈጥረውን ግፊት 1,000 ኪሎ ግራም ፈንጂ በ20 ሜትር ርቀት ይፈጥረዋል። ነገር ግን የሁለተኛው ቆይታና ኢምፐልስ ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ይሆናል። ግፊቱን ብቻ የተመለከተ ሁለቱን አንድ ናቸው ሊል ይችላል፤ ግድግዳው ግን አንድ አድርጎ አይቀበላቸውም።

በታሸገ ክፍል ውስጥ የሚደርስ የጋዝ ፍንዳታ ጠባዩ ሌላ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጓዘው የድንገት ሞገድ ሳይሆን ነበልባል ነው። ግፊቱ ወዲያውኑ ሳይሆን ቀስ እያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሚሊ ሰከንድ በሚልቅ ጊዜ ውስጥ ያድጋል። ሙሉ በሙሉ በታሸገ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ የጋዝና የአየር ድብልቅ ቢቃጠል ግፊቱ 700 ኪሎ ፓስካል አልፎ ሊወጣ ይችላል። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ግን መስኮቱና በሩ አስቀድመው ስለሚሰበሩና ግፊቱን ወደ ውጭ ስለሚያስወጡት በአብዛኛው በጥቂት አሥር ኪሎ ፓስካሎች ይወሰናል። እዚህ ላይ የመስኮቱ ድክመት ለዓምዱ ጥቅም ነው፤ ደካማው አካል ቀድሞ በመሰበር ጠንካራውን ያተርፋል።

የጭነቱ ቆይታና የመዋቅሩ ጊዜ

ማንኛውም የመዋቅር አካል የራሱ የሆነ ተፈጥሯዊ የመወዛወዣ ጊዜ አለው። የአንድ ግድግዳ ወይም ሶሌታ ጊዜ በአሥር ሚሊ ሰከንዶች የሚቆጠር ሲሆን፣ የአንድ ረጅም ሕንፃ ግን ሰከንድና ከዚያ በላይ ነው። ምላሹን የሚወስነው የጭነቱ ቆይታ ከዚህ ጊዜ ጋር ያለው ንጽጽር ነው።

ጭነቱ ከአካሉ ጊዜ አንጻር በዝግታ የሚያድግና የሚቆይ ከሆነ ምላሹ ከተለመደው የዝግተኛ ጭነት ስሌት ብዙም አይርቅም፤ ወሳኙ ቁጥር ከፍተኛው ግፊት ነው። ጭነቱ በድንገት መጥቶ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ በመለጠጥ ክልል ውስጥ ያለ አካል በዝግታ ቢጫን ከሚጎብጠው እስከ ሁለት እጥፍ ይጎብጣል። ጭነቱ በጣም አጭር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አካሉ ገና መንቀሳቀስ ሳይጀምር ግፊቱ አልፏል፤ ለአካሉ የቀረው ከኢምፐልሱ ያገኘው ፍጥነት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ «ምን ያህል ኃይል ይሸከማል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙን ያጣና «ያገኘውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ሳይሰበር ሊውጥ ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ይተካዋል።

አንድ ቀላል ስሌት ይህንን ያብራራል። የ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ግድግዳ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,000 ፓስካል ሰከንድ የሆነ ኢምፐልስ ቢያርፍበት በሰከንድ የ2 ሜትር ፍጥነት ያገኛል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበቱም በካሬ ሜትር 1,000 ጁል ይሆናል። በዚያው ቦታ 200 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር የሚመዝን የብሎኬት ግድግዳ ቢኖር ፍጥነቱ 5 ሜትር በሰከንድ፣ ጉልበቱም 2,500 ጁል ይሆናል። ቀላሉ ግድግዳ የሚቀበለው ጉልበት ከከባዱ በሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ እንደ ጠላት የሚታየው መጠነ ቁስ እዚህ ወዳጅ ሆኖ ይገኛል።

ጉልበቱን የሚውጠው ግን መጠነ ቁስ ሳይሆን የቅርጽ ለውጥ ነው። አካሉ ሳይቆረጥ ብዙ መጉበጥ ከቻለ በውስጡ ያለው ፌሮ እየተሳበ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህ ሳይሰበር የመለመጥ ጠባይ በሙያው ቋንቋ ዳክቲሊቲ ይባላል። ግትር ሆኖ በድንገት የሚሰበር አካል ከፍተኛ ጥንካሬ ቢኖረውም የሚውጠው ጉልበት ጥቂት ነው።

ቁሶች በፍጥነት ሲጫኑ

በቤተ ሙከራ የኮንክሪት ናሙና ስንጨምቅ ሥራው ደቂቃዎች ይወስዳል። የቅርጽ ለውጡ ፍጥነት በሰከንድ አንድ መቶ ሺህኛ ገደማ ነው። ከፍንዳታ አጠገብ ያለ ኮንክሪት ግን በሰከንድ ከ100 በሚበልጥ ፍጥነት ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአሥር ሚሊዮን እጥፍ የሚገለጽ ነው። ቁሱ በሁለቱ ሁኔታዎች አንድ ዓይነት ጠባይ አያሳይም።

ኮንክሪት በፍጥነት ሲጫን ጥንካሬው ይጨምራል። በመጨመቅ ጭነት ጊዜ ጭማሪው ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ በመሳብ ጭነት ጊዜ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይልቃል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የስንጥቆች ጉዞ ነው። በዝግታ ሲጫን ስንጥቁ ደካማውን መንገድ እየፈለገ በጠጠሮቹ ዙሪያ ይዞራል። በፍጥነት ሲጫን ለመዞር ጊዜ ስለማያገኝ ጠጠሩን ራሱን ቆርጦ ያልፋል፤ ብዙ ስንጥቆችም በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ሁለቱም ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃሉ። የፌሮ የመለመጥ ጥንካሬም እንዲሁ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ከኮንክሪቱ ያነሰ ነው።

ይህ ጭማሪ እንደ ተጨማሪ የደኅንነት ኅዳግ ብቻ መታየት የለበትም። የአንድ ቢም የመጉበጥ ጥንካሬ ሲጨምር እስኪጎብጥ ድረስ በጫፎቹ ላይ የሚያርፈው የመቁረጥ ኃይልም አብሮ ይጨምራል። ስታፋው የተሰላው በዝግተኛው ጥንካሬ ከሆነ ቢሙ እየጎበጠ ጉልበት በመዋጥ ፈንታ ጫፉ ላይ በድንገት ሊቆረጥ ይችላል። የጠነከረ ቁስ በደካማ ዝርዝር ንድፍ ውስጥ ሲገባ ጥንካሬው ራሱ አደጋ ይሆናል።

ሌላው በፍንዳታና በግጭት ጊዜ ብቻ የሚታይ ጉዳት ከኋላ ገጽ የሚነሣው መሰንጠቅና መርገፍ ነው። የጭመቃ ሞገድ በኮንክሪት ውስጥ በሰከንድ 4,000 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የ20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳን በ50 ማይክሮ ሰከንድ ያቋርጣል። ነፃ የሆነው የኋላ ገጽ ላይ ሲደርስ ተገልብጦ የመሳብ ሞገድ ሆኖ ይመለሳል። የኮንክሪት የመሳብ ጥንካሬ ከመጨመቅ ጥንካሬው ወደ አንድ አሥረኛ ብቻ ስለሆነ የኋላው ገጽ ይፈነጠራል። ፊት ለፊት ያልተበሳ ግድግዳ ከኋላው የቆመን ሰው ሊያቆስል የሚችለው ስለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተመለከትነው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነው። የሚከተሉት ሦስት አጋጣሚዎች ሁለተኛውን ያሳያሉ።

ሮናን ፖይንት፦ ያልታሰረ መገጣጠሚያ

ሮናን ፖይንት የተሠራው በፋብሪካ ተዘጋጅተው በቦታው ከሚገጣጠሙ ትላልቅ የኮንክሪት ፓነሎች ነበር። ዓምድና ቢም አልነበረውም፤ ሶሌታው በግድግዳው ላይ ያርፋል፣ በላዩ ደግሞ የሚቀጥለው ግድግዳ ይቆማል። መገጣጠሚያዎቹን በቦታቸው የያዛቸው በአብዛኛው ከላይ የሚጫናቸው ክብደትና የሚፈጥረው ሰበቃ ነበር። በ18ኛው ወለል ላይ ያለ ግድግዳ በላዩ የነበሩት ወለሎች ጥቂት በመሆናቸው ይህ ክብደት አነስተኛ ነበር፤ ጋዙ ሲፈነዳም ግፊቱ ሶሌታውን ወደ ላይ ስለሚገፋ ያ ጥቂት ክብደት ይበልጥ ይቀንሳል።

ከአደጋው በኋላ የተደረገው ምርመራ የማዕዘኑ ግድግዳ በ20 ኪሎ ፓስካል ገደማ ከቦታው ሊገፋ ይችል እንደነበር አመለከተ። ይህ ከተለመደ የነፋስ ግፊት ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ለቤት ውስጥ ጋዝ ፍንዳታ ግን ልዩ ቁጥር አይደለም። ግድግዳው ሲወጣ በላዩ የነበሩት ወለሎች ድጋፋቸውን አጥተው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ የሆነው የጋዝ ፍንዳታ ጉዳይ ሳይሆን የግጭት ጭነት ጉዳይ ነው።

የወደቀ ሶሌታ በታችኛው ላይ የሚያሳርፈውን ጭነት በግምት ማስላት ይቻላል። አንድ ክብደት በዝግታ ቢቀመጥበት 5 ሚሊ ሜትር የሚጎብጥ ሶሌታ አለ እንበል። ያው ክብደት ከ2.4 ሜትር ከፍታ ቢወድቅበት፣ የመለጠጥ ስሌትን ተከትለን የምናገኘው ተመጣጣኝ ጭነት የክብደቱ 32 እጥፍ ነው። በእውነቱ ሶሌታው እዚህ ቁጥር ላይ ከመድረሱ በፊት ይሰበራል፤ ስሌቱ የሚነግረን ግን ከወለል በላይ ወለል መውደቅ አንዴ ከተጀመረ የታችኛውን ጥንካሬ በጥቂቱ በመጨመር ማስቆም እንደማይቻል ነው። መከላከል የሚቻለው ከመጀመሪያው እንዳይወድቅ በማሰር ብቻ ነው።

ከዚህ አደጋ በኋላ እንግሊዝ በ1970 እ.ኤ.አ. የሕንፃ ደንቧን አሻሽላ አምስትና ከዚያ በላይ ወለል ያላቸው ሕንፃዎች ከተዛማች መደርመስ እንዲጠበቁ ደነገገች። አንድ ተሸካሚ አካል ቢጠፋ የቀረው ሕንፃ መቆም መቻል አለበት፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ያ አካል 34 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር የሆነ ግፊት እንዲችል ይነደፋል። ይህ ቁጥር ዛሬም በአውሮፓውያን የድንገተኛ ጭነት ደንብ ውስጥ ለቁልፍ አካላት ይሠራበታል። ሮናን ፖይንት ተጠግኖ አገልግሎት ከሰጠ በኋላ በ1986 እ.ኤ.አ. እየተፈታ ሲፈርስ፣ በሞርታር መሞላት ከነበረባቸው መገጣጠሚያዎች መካከል በአግባቡ ያልተሞሉ ተገኙ። የንድፉ ድክመት በሥራው ጥራት ጉድለት ተባብሶ ኖሯል።

ኦክላሆማ ሲቲ፦ የሦስት ዓምዶች ዋጋ

ኤፕሪል 19 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ በአልፍሬድ መራ የፌዴራል ሕንፃ ፊት ለፊት ፈንጂ የጫነ የጭነት መኪና ፈነዳ። ጉልበቱ ከ1,800 ኪሎ ግራም ቲኤንቲ ጋር ይስተካከላል ተብሎ ተገምቷል። 168 ሰዎች ሞቱ። ባለ ዘጠኝ ፎቁ የአርማታ ሕንፃ ግማሽ ያህሉ ተደረመሰ።

የሕንፃው ሰሜናዊ ገጽ አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው። ከላይኛው ወለሎች የሚወርዱት ዓምዶች በ6 ሜትር ገደማ ርቀት የቆሙ ሲሆን፣ ታችኛው ወለል ሰፊ እንዲሆን ሲባል በሦስተኛው ወለል ላይ በተሠራ ትልቅ ተሸካሚ ቢም ላይ ያርፉ ነበር። ያንን ቢም የሚሸከሙት የታችኞቹ ዓምዶች ግን በ12 ሜትር ገደማ የተራራቁ ነበሩ። ከመኪናው በ5 ሜትር ገደማ ውስጥ የነበረው ዓምድ በፍንዳታው ኃይል ደቀቀ፤ በግራና በቀኙ የነበሩት ሁለት ዓምዶችም በመቁረጥ ኃይል ሳይጠፉ እንዳልቀረ የአደጋው ጥናት ያስረዳል።

አሁን የተሸካሚውን ቢም ሁኔታ እንመልከት። አንድ ዓምድ ሲጠፋ የ12 ሜትሩ ርዝመት 24 ሜትር ይሆናል፤ የመጉበጥ ሞመንት ከርዝመቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ አራት እጥፍ ይደርሳል። ሦስት ሲጠፉ ርዝመቱ ወደ 49 ሜትር ይጠጋል። ከዚህ በላይ ደግሞ የሞመንቱ አቅጣጫ ይገለበጣል። በድጋፍ ላይ የነበረው የቢሙ ክፍል ከላይ ይሳብ የነበረው አሁን ከታች ይሳባል፤ በዚያ ቦታ ከታች በኩል ያልተቋረጠ ፌሮ ከሌለ ቢሙ የሚይዘው ነገር የለውም። የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ ከሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ጋር ያወጣው ጥናት ከፍርሰቱ በቀጥታ በፍንዳታው የደረሰው ትንሹ ክፍል መሆኑን፣ አብዛኛው ግን በተዛማች መደርመስ የመጣ መሆኑን አስቀምጧል።

ጥናቱ ሕንፃው በዘመኑ ደንብ መሠረት የተሠራ መሆኑንም ይመሰክራል። ይሁንና ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ባለባቸው ቦታዎች የሚጠየቀው የፌሮና የስታፋ ዝርዝር ተሠርቶበት ቢሆን ኖሮ የፈረሰው ስፋት ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችል እንደነበር ገምቷል። ይህ ግምት ለእኛ የተለየ ትርጉም ስላለው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ፔንታጎን፦ ተመትቶ የቆመ ሕንፃ

ሦስተኛው አጋጣሚ የግጭት ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. 82 ቶን ገደማ የሚመዝን አውሮፕላን በሰከንድ ወደ 240 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ፔንታጎንን መታ። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ከ2 ጊጋ ጁል በላይ ነበር። በመጀመሪያው ወለል ላይ በርካታ ዓምዶች ተቆረጡ ወይም ክፉኛ ተጎዱ። ሆኖም በላያቸው የነበሩት ወለሎች ወዲያው አልወደቁም። በላያቸው ያለው የሕንፃው ክፍል የተደረመሰው ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ እሳቱ የተጎዱትን አካላት ካዳከመ በኋላ ነው፤ ስፋቱም ዓምዶቹ ከተጎዱበት አካባቢ ያነሰ ነበር። እነዚያ ደቂቃዎች በላይኛው ወለል ለነበሩ ሰዎች የመውጫ ጊዜ ሆኑ።

ሕንፃው የተሠራው በ1940ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ስለሆነ ፍንዳታንም ሆነ የአውሮፕላን ግጭትን ታሳቢ ያደረገ አልነበረም። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ያቆሙትን ምክንያቶች ዘርዝሯል። ዓምዶቹ እርስ በርስ የተቀራረቡ ነበሩ። የቢሞቹ የታችኛው ፌሮ በድጋፎቹ ውስጥ ሳይቋረጥ ያልፍ ነበር። ሶሌታዎቹ ለመጋዘን በሚሆን ከባድ ጭነት የተሰሉ ነበሩ። ዓምዶቹ ደግሞ በተናጠል ስታፋ ሳይሆን እንደ ምንጭ ሽቦ በተጠመጠመ ቀጣይ ፌሮ የታሰሩ ነበሩ። ጥምጥሙ በውስጡ ያለውን ኮንክሪት እንዳይበተን ስለያዘው፣ የውጭ ሽፋናቸው ሙሉ በሙሉ የረገፈ፣ ከቀጥታቸውም በእጅጉ የጎበጡ ዓምዶች ጭነታቸውን ተሸክመው ቆይተዋል።

ከሦስቱ አጋጣሚዎች ኃይለኛው ምት ያረፈው በፔንታጎን ላይ ነው፤ ደካማው ደግሞ በሮናን ፖይንት። የፍርሰቱ ስፋት ከምቱ ጋር ሲነጻጸር ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ብሂል በመዋቅር ምህንድስና ቃል በቃል የሚሠራበት ቦታ ይኸው ነው።

ለአገራችን ግንባታ ያለው ትርጉም

ከላይ የተጠቀሱት ሕንፃዎች ሩቅ ቢሆኑም መካኒክሱ ድንበር የለውም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የአርማታ ሕንፃዎች ቁመት እየጨመረ ነው፤ በላይኛ ወለሎች የሚኖሩ ቤተሰቦችም በቡታጋዝ ያበስላሉ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይበንም፤ በወለሉ ላይ ይተኛል፣ ዝቅተኛ ቦታንም ይሞላል። በአየር ውስጥ ሁለት በመቶ ገደማ ሲደርስ ሊቀጣጠል ይችላል። የሕንፃዎቻችን የብሎኬት ግድግዳዎች በአብዛኛው ተሸካሚ ስላልሆኑ በጋዝ ፍንዳታ ጊዜ ተሰብረው ግፊቱን ያስወጣሉ። ይህ ለዓምዶቹ መልካም ነው፤ ቁርጥራጮቹ ግን በክፍሉ ውስጥና በደጅ ላለ ሰው አደገኛ ናቸው። የብሎኬት ግድግዳ ከአርማታው ክፈፍ ጋር በቀጭን ፌሮም ቢሆን መያያዙ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የኦክላሆማው ጥናት የሰጠው ግምት ለእኛ ትርጉም አለው ያልነው እዚህ ላይ ይመጣል። አገራችን በስምጥ ሸለቆ ላይ የምትገኝ ናት። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተከታታይ የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ንዝረታቸው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ለመሬት መንቀጥቀጥ ሲባል የሚጠየቀው ዝርዝር፣ ማለትም በዓምድና በቢም መገናኛ ውስጥ የሚገባው ጠበቅ ያለ ስታፋ፣ በድጋፍ ላይ የማይቋረጠው የታች ፌሮ፣ በቂ የሆነው የፌሮ መደራረቢያ ርዝመት፣ በፍንዳታ ወይም በተሽከርካሪ ግጭት አንድ ዓምድ ሲጠፋ ሕንፃውን የሚያቆመው ዝርዝር ነው። ለፍንዳታ ብቻ ሲባል ተጨማሪ ወጪ መጠየቅ ለአብዛኛው ሕንፃ አሳማኝ ላይሆን ይችላል። በደንቡ አስቀድሞ የተጠየቀውን በትክክል መሥራት ግን ሁለቱንም አደጋዎች በአንድ ወጪ ይመልሳል።

ችግሩ ይህ ዝርዝር በሥዕል ላይ መኖሩ ብቻ በቂ አለመሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በአንድ ግንባታ ላይ በረዳት መሐንዲስነት ሲሠራ፣ ኮንክሪት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው በበርካታ የዓምድና የቢም መገናኛዎች ውስጥ ስታፋ አለመግባቱን ተመልክቷል። ምክንያቱን ሲጠይቅ በዕድሜ የገፉትና በሥራው የተካኑት ፎርማን፣ «ኢንጂነር፣ የቢሙ ፌሮ ከገባ በኋላ እኮ እዚህ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ደግሞ ዙሪያውን በኮንክሪት የተሞላ ቦታ የት ይሄዳል?» ሲሉ መለሱ። መልሳቸው ከስንፍና የመነጨ አልነበረም። ቦታው በእርግጥ እጅ አያስገባም፤ የፌሮው አቀማመጥ ሲነደፍ ሠራተኛው እንዴት እንደሚያስገባው አልታሰበም ነበር። በተለመደ ጭነት ጊዜም ንግግራቸው ትክክል ነው፤ መገናኛው የትም አይሄድም። የሚሄደው አንድ ዓምድ ሲጠፋ ነው። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ተሠርቶ ከስታፋዎቹ ከፊሎቹ በሁለት ቁራጭ ተከፍለው ገቡ፤ የቀሩት ግን ሳይገቡ ኮንክሪቱ ተሞላ። ጸሐፊው በዚያ ሕንፃ አጠገብ ባለፈ ቁጥር የትኞቹ መገናኛዎች እንደሆኑ ያስታውሳል።

ስለዚህ ለምርምር የሚጋብዙ ቢያንስ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው በአገራችን በብዛት የሚሠሩ ባለ ብሎኬት ሶሌታ የአርማታ ክፈፎች አንድ የታችኛው ወለል ዓምድ በድንገት ቢጠፋባቸው የሚሰጡት ምላሽ ምን እንደሆነ በስሌትና በሙከራ ማጥናት ነው። ሁለተኛው በተግባር ሊገባ የሚችል፣ ለሠራተኛው እጅ ቦታ የሚተው የመገናኛ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ያነሰ መስሎ ቢታይም ውጤቱ በየግንባታው ላይ ወዲያው የሚታይ ነው።

ማጠቃለያ

የፍንዳታና የግጭት ጭነት ከሌሎች ጭነቶች የሚለየው በአጭር ቆይታው ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ምላሹን የሚወስኑት ከግፊቱ ጋር ኢምፐልሱ፣ የአካሉ መጠነ ቁስና የመለመጥ ጠባዩ ናቸው። ቁሶች በፍጥነት ሲጫኑ የሚያሳዩት ተጨማሪ ጥንካሬ ዝርዝሩ አብሮ ካልታሰበ ወደ ድንገተኛ ስብራት ሊመራ ይችላል። ከሁሉም በላይ የአደጋውን ስፋት የሚወስነው ፍንዳታው ካበቃ በኋላ ያለው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።

መሐንዲስ የሚፈነዳውን ጋዝ መጠን፣ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት ወይም የክስተቱን ሰዓት መወሰን አይችልም። የአንድ አካል መጥፋት የአንድ አካል መጥፋት ብቻ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ግን በሥልጣኑ ውስጥ ነው። ይህ ሥልጣን የሚሠራው በቢሮ ውስጥ በሚሣል ያልተቋረጠ የፌሮ መስመር ሲሆን፣ የሚጸናው ደግሞ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ባለው ቀን በመገናኛው ውስጥ ስታፋው መግባቱን ጎንበስ ብሎ በማየት ነው።